የእጅ ጓዝና የብዙ አጓጓዦች መንገድ፦ ከጣና ታንኳ እስከ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለእንግዶች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ገለጻዬ ስለ ሻንጣ ነው። ርእሱ ለታሪክ ጥናት ያነሰ መስሎ የሚታየው ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም የሰው ልጅ ከቤቱ ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ የያዘውንስ ማን እንደሚፈቅድለትና ማን እንደሚከለክለው መጠየቅ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሕግና ስለ መተማመን መጠየቅ ነው።

ጥያቄውን በምሳሌ ላስቀምጥ። ከአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ መንገደኛ እናስብ። እስከ ዋሽንግተን በዩናይትድ፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ትልቅ ጄት፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደግሞ በዚሁ አየር መንገድ ባለ ፕሮፔለር አነስተኛ አውሮፕላን ይጓዛል። በእጁ የያዘው ሻንጣ 11 ኪሎ ይመዝናል። በመጀመሪያው በረራ መደበኛ ትኬት ለያዘ መንገደኛ የመጠን እንጂ የክብደት ወሰን አልተጻፈም። በሁለተኛው ወሰኑ 7 ኪሎ ነው። በሦስተኛው ደግሞ ክብደቱ ቢፈቀድ እንኳ ከራስ በላይ ያለው የዕቃ መደርደሪያ ጠባብ ነው። ሻንጣው አንድ፣ ባለቤቱ አንድ፣ ጉዞውም አንድ ነው፤ ደንቡ ግን ሦስት ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? የሚመዘገበው ጓዝ ከዴንቨር እስከ ባሕር ዳር በአንድ ደንብ ሊመጣ ሲችል የእጅ ጓዝ ብቻ በየደጃፉ አዲስ ሕግ የሚገጥመው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ከአውሮፕላን በፊት ወደ ነበረው መንገድ መመለስ ይገባል።

1. ሲራራ፣ ኬላና ከእጅ የማይለይ ዕቃ

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰሜኑ ታላቅ የንግድ መንገድ ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋና በጎንደር በኩል ያልፍ፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ የሚገኘውን የይፋግን ገበያ ይነካ፣ ጎጃም ውስጥ ባሶ ገበያ ይደርስና ዓባይን ተሻግሮ እስከ እናርያ ይዘልቅ ነበር። ሲራራ ነጋዴው በነጋድራሱ መሪነት በኅብረት ይጓዛል። ከላይ አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ዕቃ ይወርዳል፤ ከታች ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣል፤ በዚያው መንገድ ባሪያ ተብለው የተሸጡ ሰዎችም ተነድተውበታል።

ይህ መንገድ በመልክዐ ምድር አንድ ቢሆንም በሥልጣን ግን ብዙ ነበር። በተለይ በዘመነ መሳፍንት እያንዳንዱ ገዥ በየወሰኑ ኬላ ያቆማል፤ ኬላውም በየራሱ ልማድ ቀረጥ ይቀበላል። አንዱ ኬላ የተቀበለውን ሌላው አይቆጥረውም። ነጋዴው በአንዱ በር የከፈለው ለሚቀጥለው በር ማስረጃ አይሆነውም። ዛሬ «በዚያኛው በረራ እኮ ፈቅደውልኛል» የሚል መንገደኛ የሚያሰማው ቅሬታ የዚያ ነጋዴ ቅሬታ የልጅ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያው መንገድ ግን ሌላ ነገርም እናያለን። ጓዝ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በበቅሎና በአህያ የሚጫን ነው፤ ለጫኝና ለነጂ አደራ ይሰጣል። ሁለተኛው መንገደኛው ከራሱ የማይለየው ነው፦ የስንቅ ስልቻው፣ አገልግሉ፣ የቆሎ ተማሪው አኮፋዳ፣ የካህኑ መጽሐፍ ከነማኅደሩ። ማኅደር የቆዳ ማንገቻ ያለው የመጽሐፍ ቤት መሆኑን ታውቃላችሁ። ያ ማንገቻ ራሱ የሚናገረው አለ፤ መጽሐፉ ከባለቤቱ ትከሻ እንጂ ከበቅሎ ጀርባ እንዳልነበረ ይመሰክራል።

የውጭ ተጓዦችም ይህን ልዩነት ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1769 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ይጓዝ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የታራንታን ተራራ ሲወጣ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ኳድራንት የተባለው ከባድ መሣሪያው ተሸካሚዎቹን አስቸገራቸው። ብሩስ እንደ ጻፈው በመጨረሻ እሱና ያሲን የተባለው ባልደረባው ራሳቸው ተሸክመው አወጡት። ሌላው ጓዝ በሌሎች እጅ ቢሄድም የጉዞው ዓላማ የተንጠለጠለበት ዕቃ ግን በባለቤቱ እጅ ወጣ። የእጅ ጓዝ ትርጉም ይህ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን ለሌላ አደራ ሊሰጥ ስለማይችል በእጅ ይያዛል።

2. ታንኳ፦ ትንሹ ማጓጓዣ ሕግ ያወጣል

ወደ ሐይቃችን እንመለስ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ውኃ ነው። ይህን ውኃ ለዘመናት የተሻገረው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነበር፤ በሥራውም የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ስመ ጥር ነው። የዘጌ ቡናና ማገዶ፣ የደሴቶቹ ገዳማት ቀለብ፣ የወፍጮ ድንጋይ ሳይቀር በታንኳ ተጉዟል።

ታንኳ የራሱ የሆነ የማይታለፍ ደንብ አለው። ደንገሉ ውኃ ይጠጣል፤ እየጠጣ በሄደ ቁጥር ይከብዳል፤ ስለዚህ ከውኃ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ ይኖርበታል። ጠዋት ደረቅ የነበረው ታንኳ የሚችለውን ጭነት ከሰዓት በኋላ የራሰው ላይችል ይችላል። ቀዛፊው «ይህ አይጫንም» ሲል ቀረጥ እየጠየቀ አይደለም፤ የውኃውን ልክ እየተናገረ ነው። ከጎንደር በበቅሎ ሁለት ጭነት ይዞ የመጣ ሰው ሐይቁ ዳር ሲደርስ የሚገዛው ሕግ የበቅሎው ሳይሆን የታንኳው ነው።

ከዚህ ሁለት ሕጎች እናወጣለን። የኬላው ሕግ ሰው ሠራሽ ነው፤ በስምምነት ሊሻር፣ ሊዋሐድ ይችላል። የታንኳው ሕግ ግን ከማጓጓዣው ተፈጥሮ የሚወጣ ነው፤ በብዙ ማጓጓዣ በሚሠራ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ወሳኙ ትንሹ ነው። የዛሬው የአየር ጓዝ ደንብ ከእነዚህ ከሁለቱ የተቀላቀለ ነው። የታሪክ ተማሪ ሥራ የቱ ከኬላ፣ የቱ ከታንኳ እንደመጣ መለየት ነው።

በኋላ በጣና ላይ የሞተር ጀልባና መርከብ መጣ፤ ከባሕር ዳር በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ አድርጎ ጎርጎራ የሚደርሰው መስመር ለሐይቁ ዳር ሕዝብ የኑሮ መስመር ሆነ። በመርከቡም ሆነ ዘግይቶ በመጣው አውቶቡስ ልማዱ አልተለወጠም፦ ከባዱ በረዳቱ እጅ ጣራ ላይ ወጥቶ በገመድ ይታሰራል፤ ዘንቢሉና ፌስታሉ ከባለቤቱ እግር ሥር ይቀመጣል።

3. አየር መንገዱ ሲመጣ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ሥራውን የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ 5 ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። በእነዚህ አውሮፕላኖች መንገደኞች በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጋ ታጣፊ የሸራ መቀመጫ ይቀመጡ ነበር፤ ጭነቱ ደግሞ በመካከላቸው ታስሮ ይሄዳል። ጓዝና ባለቤት ፊት ለፊት እየተያዩ የተጓዙበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል። የሀገር ውስጥ በረራ ለአውቶቡስ መንገድ ያልደረሰለት አውራጃ የሲራራውን ቦታ ወሰደ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ግን «የማን ደንብ?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1929 በዋርሶ የተፈረመው ስምምነት የአጓጓዥን ኃላፊነት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ አደረገ። በስምምነቱ 4ኛ አንቀጽ አጓጓዡ ለሚረከበው ጓዝ ደረሰኝ መስጠት አለበት፤ መንገደኛው ራሱ የሚይዛቸው ትናንሽ የግል ዕቃዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ለተመዘገበው ጓዝ የካሣው ጣሪያ በኪሎ 250 የወርቅ ፍራንክ ሲሆን፣ በእጅ ለተያዘው በአንድ መንገደኛ 5,000 ፍራንክ ተወሰነ። ልብ በሉ፤ አንዱ በክብደት ሌላው በሰው ተቆጠረ። ሕጉ የእጅ ጓዝን የሰውየው አካል ቅጥያ አድርጎ አየው።

ይኸው ስምምነት በ30ኛ አንቀጹ ተከታታይ አጓጓዦችን ነካ። ጉዞው በብዙ አጓጓዦች ቢከናወንም ተዋዋዮቹ እንደ አንድ ጉዞ ካዩት እንደ አንድ ይቆጠራል። የተመዘገበ ጓዝ ቢጠፋ መንገደኛው የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውን፣ ጉዳቱ በእጁ የደረሰውንም አጓጓዥ መጠየቅ ይችላል፤ እነርሱም በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው። የዘመነ መሳፍንት ነጋዴ በሕልሙ ያላየው ነገር ነው። በሀገራችንም የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ አየር ማጓጓዝ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቷል።

እ.ኤ.አ. በ1945 በሃቫና የተመሠረተው የዓለም አቀፍ አየር መንገዶች ማኅበር፣ በተለምዶ አያታ የምንለው፣ የንግዱን ጎን አስተካከለ። አንድ ትኬት በብዙ አየር መንገዶች ላይ እንዲሠራ ተደረገ። ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ዓለም ፈቃዱ ለአንደኛ ማዕረግ 30፣ ለቱሪስት ማዕረግ 20 ኪሎ ሲሆን፣ ለትርፍ ኪሎ የአንደኛ ማዕረግ የአንድ ጉዞ ዋጋ 1 በመቶ ይከፈል ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ሚዛን ስለነበራቸው «የማን ደንብ?» የሚል ክርክር እምብዛም አልነበረም። የእጅ ጓዝም ቢሆን ኮት፣ ባርኔጣ፣ ጃንጥላና የሚነበብ መጽሐፍ ስለነበር ማንም አልተከራከረበትም። ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያ ራሱ የባርኔጣ መስቀያ እንጂ የሻንጣ ማከማቻ አልነበረም።

4. ትንሹ ዕቃ ሲያድግ

ይህ ሰላም በአራት ምክንያቶች ፈረሰ። አንደኛው የአውሮፕላኑ ቅርጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ የጀመረው ቦይንግ 747 ክዳን ያለውን የላይ ሣጥን አስፋፋ። ሁለተኛው የሻንጣው ቅርጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በርናርድ ሳዶው ባለ ጎማ ሻንጣ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1987 ደግሞ ሮበርት ፕላዝ የተባለ አብራሪ ቀጥ ብሎ የሚጎተተውን ሠራ። ክንድ የማይችለውን ጎማ ቻለው፤ «በእጅ የሚያዝ» የሚለው የዋርሶ ቃል የተፈጥሮ ልኩን አጣ።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ መስመሮች በኪሎ መመዘን ቀርቶ በሻንጣ ቁጥር መቁጠር መጣ፤ ከገበያው ነፃ መሆን በኋላም አየር መንገዶች የየራሳቸውን ደንብ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያው የተመዘገበ ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ሲጀምር ሌሎችም ተከተሉ። የሚመዘገበው ሲያስከፍል ሕዝቡ ሁሉን ነገር በእጁ ያዘ። አራተኛው ደህንነት ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ለንደን ላይ የተደረሰበት የሽብር ሤራ ፈሳሽ ነገር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ እንዳይያዝ ምክንያት ሆነ። ከጣና ገዳማት የተቀዳ ጸበል፣ የጎጃም ማርና ንጥር ቅቤ በፍተሻው ዓይን ሁሉም የዚሁ ደንብ ተገዢዎች ሆኑ።

አየር መንገዶቹ ለተፈጠረው መለያየት መፍትሔ ሲፈልጉ የጀመሩት ከሚመዘገበው ጓዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአያታ ውሳኔ መሠረት በአንድ ትኬት ላይ ደንቦች ሲለያዩ ዋነኛውን የጉዞ ክፍል የሚያበርረው አየር መንገድ ደንብ ይመረጣል፤ ለምሳሌ ከክፍለ ዓለም ወደ ክፍለ ዓለም የሚያሻግረው። አሜሪካ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2012 ከእርሷ ለሚነሣ ወይም በእርሷ ለሚያበቃ ጉዞ መጀመሪያ ላይ የሠራው የጓዝ ፈቃድ እስከ መጨረሻው እንዲጸና ደነገገች። የእጅ ጓዝ ግን በተግባር ከዚህ አንድነት ውጭ ቀረ። ምክንያቱ ታንኳው ነው፤ የመደርደሪያውን ስፋትና የበረራውን ደህንነት የሚያውቀው የሚያበርረው እንጂ ትኬቱን የሸጠው አይደለም።

አንድ ለማድረግ አልተሞከረም ማለት አይደለም። በሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. አያታ 55 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ መጠን አቀረበ። ዓላማው ሁሉም የሚቀበለው ሻንጣ እንዲኖር ነበር። ነገር ግን በተለይ ከሰሜን አሜሪካ ተቃውሞ ገጠመው፤ ሰዎች ትናንት የገዙት ሻንጣ ዛሬ ትልቅ ሊባል እንደሆነ ፈሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ እቅዱ ቆመ።

5. የመንገዱ መጨረሻ ባሕር ዳር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. የስታር አሊያንስ አባል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው በአንድ ትኬት የብዙ አየር መንገዶችን መረብ ይደርስበታል። የአባላቱን የእጅ ጓዝ ደንብ ጎን ለጎን ስናይ የሚገርም ነገር እናገኛለን። ኢትዮጵያና ሉፍታንዛ ሁለቱም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር ይፈቅዳሉ፤ ክብደቱ ግን በአንዱ 7፣ በሌላው 8 ኪሎ ነው። ዩናይትድ 56 በ35 በ22 ይላል፤ ክብደት አይጠቅስም። መጠኑ ተቀራራቢ ሆኖ ክብደቱ የሚራራቀው ለምንድን ነው? መጠኑ ከሣጥኑ ልክ ይመጣልና የታንኳ ሕግ ነው። የአንዲት ኪሎ ልዩነት ግን አውሮፕላን ስለማይጥል አብላጫው የኬላ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ፍትሐዊ ጥያቄ አለ። ትንሹ አውሮፕላን የት ይበራል? በዓለም ትላልቅ ማእከላት መካከል አይደለም፤ በመስመሩ ጫፍ ነው። ጫፉ እኛ ነን፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ። ስለዚህ የብዙ አጓጓዦች መንገድ ጥበት የሚወድቀው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ባለው መንገደኛ ነው። ከልጃቸው ዘንድ ቆይተው የሚመለሱ እናት ሁለት አህጉር አቋርጠው ያመጡት የእጅ ሻንጣ አዲስ አበባ ላይ፣ የአንድ ሰዓት በረራ ሲቀር፣ ከእጃቸው ይወሰዳል። ደንቡን በማያውቁት ቋንቋ ካነበቡት ደግሞ የተደረገውን በደል እንጂ ደንብ አድርገው አያዩትም።

በዚያ ቅጽበት በሕግ ረገድ አንድ ትልቅ ለውጥ ይፈጸማል። ኢትዮጵያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የምትገዛበት እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት የዋርሶን ልዩነት ጠብቆታል። በእጅ የተያዘ ዕቃ ቢጎዳ አጓጓዡ የሚጠየቀው ጥፋቱ የእርሱ ሲሆን ነው። የተመዘገበ ጓዝ በአጓጓዡ እጅ ሳለ ቢጎዳ ግን፣ የጉዳቱ ምክንያት የዕቃው የራሱ ጉድለት ካልሆነ በቀር፣ ጥፋቱ ሳይረጋገጥም ይጠየቃል። ሻንጣችሁ በአውሮፕላኑ ደጃፍ ከእጃችሁ ተወስዶ ወደ ዕቃ ክፍል ሲገባ ከመጀመሪያው መደብ ወደ ሁለተኛው ተሸጋገረ፤ አደራው ከእናንተ ወደ እነርሱ ዞረ። የአደራው ማስረጃ ያቺ የወረቀት መለያ ናት። መለያዋን ሳይቀበል ሻንጣውን የሚሰጥ ሰው ብሩስ ያልሰጠውን ዕቃ ያለ ምስክር ይሰጣል።

ሁለተኛው ነጥብ ትኬቱ ነው። ከዴንቨር እስከ ባሕር ዳር ያለው ጉዞ በአንድ ውል እንደ አንድ ጉዞ ከተቆረጠ የአዲስ አበባና የባሕር ዳር በረራ የሀገር ውስጥ ቢሆንም የዓለም አቀፉ ጉዞ አካል ሆኖ በስምምነቱ ይዳኛል። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል በሁለት የተለያዩ ትኬቶች ከተቆረጠ ግን ሰንሰለቱ ሊበጠስ ይችላል፤ መንገደኛው ወደ ኬላ ዘመን ይመለሳል። ለጉዳት አቤቱታ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ጓዝ ጓዙ በተሰጠ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ እንዳለበትም አትርሱ።

ሦስተኛው ለእናንተ ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች ነው። ለትምህርት የምትሄዱ ሁሉ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ፣ መድኃኒት፣ ኮምፒውተርና የመስክ ማስታወሻ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ለዩ። ቦርሳው ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ይሁን፤ ምክንያቱም ትልቁ ቢወሰድ ትንሹ ከእናንተ ጋር ይቀራል። ተነጥሎ የሚያዝ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ ወደ ዕቃ ክፍል መግባት የተከለከለ ስለሆነ ሻንጣው ሲወሰድ መውጣት ይኖርበታል። አባቶቻችን ማኅደሩን በትከሻ፣ ጭነቱን በበቅሎ ያደረጉት በዚሁ ጥበብ ነው።

6. ማጠቃለያ

ያልኩትን ልሰብስብ። የብዙ አጓጓዦች መንገድ ከአውሮፕላን ይቀድማል። ያለፈው መቶ ዓመት ትልቁ ድል የተመዘገበውን ጓዝ ከኬላ ማውጣቱ ነው፤ ኃላፊነቱን አንድ አድርጎ መንገደኛው ማንን እንደሚጠይቅ አሳወቀው። የእጅ ጓዝ ግን ቀድሞ ትንሽ ስለነበር ሕግ አውጪው ለባለቤቱ ተወው፤ ሲያድግ ደግሞ የሚያዋሕደው አልተገኘም። ከልዩነቶቹ ከፊሉ ከማጓጓዣው ተፈጥሮ የመጣ ስለሆነ ልንቀበለው ይገባል። ከፊሉ ግን ልማድና ንግድ ነው፤ ሊለወጥ ይችላል።

ቢያንስ ሊደረግ የሚችለው ለመንገደኛው ቀድሞ መናገር ነው። ትኬት ሲቆረጥ ከበረራዎቹ ሁሉ ጠባቡ የእጅ ጓዝ ወሰን በአንድ መስመር፣ መንገደኛው በሚያነበው ቋንቋ ቢጻፍ በአውሮፕላን ደጃፍ ላይ የሚደረገው ክርክር ብዙው ይቀራል። የጣና ቀዛፊ ጭነቱን የሚያየው ውኃው መካከል ደርሶ አይደለም፤ ዳር ላይ ሳለ ነው። አጓጓዦች ከእርሱ ሊማሩት የሚገባው ይህን ነው።